የዓሣ ቤት ፍሪጅ ኬክ ቤት ሲገባ

ያገለገለ ባለ መስታወት ፍሪጅ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ያቀዘቅዛል ወይ?» ብሎ ነው። መጠየቁ ጥሩ ነው። ግን ጋዝ ቢያልቅ ይሞላል፣ ሞተሩ ቢሞት ይቀየራል፣ መብራቱ ቢቃጠል ሌላ ይገዛል። የሚያስቸግረው ሽታው ነው። ሻጩ አብሮት ስለኖረ አይሸተውም። ደላላው ደግሞ ኮሚሽኑን እስኪቀበል ድረስ አፍንጫ የለውም። እንደኔ ኬክ ለሚሸጥ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቅቤና ክሬም አጠገባቸው ያለውን ጠረን ሁሉ ስበው ነው የሚይዙት። ደንበኛ አንዴ ጎርሶ ፊቱን ካጨማደደ ሁለተኛ አይመጣም፣ ለምን እንደቀረም አይነግራችሁም።

የኔው ፍሪጅ ዓሣ ሲሸጥበት የኖረ ነው። እያወቅኩ ነው የገዛሁት። ጎበጥ ያለ መስታወት ከፊት፣ ተንሸራታች በር ከኋላ፣ ሞተሩ ከታች። የአዲሱ ዋጋ የማይቀመስ ነው፤ ይሄኛው ግን ዋጋው ወርዷል፣ የወረደበትንም ምክንያት ባለቤቱም እኔም እናውቃለን፣ ማንም ግን አያነሳውም። እኔ አነሳሁት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ በጣም ይሸታል።»

«ዓሣ ነዋ የነበረበት ልጄ። በሎሚ እጠቢው፣ ይለቃል።»

የሎሚው ነገር ግማሹ እውነት ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ። በዋጋው ግን ሽታውን ይዤ ተከራከርኩ፣ ለእጥበቱና ለባለሙያው የሚሆን ቀነሱልኝ። ለመደራደር ከሽታ የተሻለ እንከን የለም። ሻጩ አይሸትም ብሎ ሊከራከራችሁ አይችልም፣ ሁለታችሁም እዚያው ቆማችኋል።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ሻጮች ፍሪጁን አብርተው፣ አቀዝቅዘውና ወልውለው ነው የሚያሳዩት። ቅዝቃዜ ደግሞ ሽታ ይደብቃል። ሽታ ማለት ከቆሻሻው ተንኖ አፍንጫችን የሚገባ ነገር ነው፤ ሲቀዘቅዝ የሚተነው ያንሳል፣ ሲሞቅ ይበዛል። ስለዚህ በዋዜማው ደውላችሁ «ንቀሉትና በሩን ዘግታችሁ አሳድሩልኝ» በሉ። ጠዋት ሄዳችሁ በሩን ራሳችሁ ክፈቱ፣ ጭንቅላታችሁን አስገቡና በደንብ ሳቡት። ስትደርሱ ፍሪጁ በርቶ ከጠበቃችሁ፣ ወይም የቫኒላ ሽቶ ከተነፋበት፣ መልሱን አግኝታችኋል። ደግሞ ታሪኩን ጠይቁ። ሥጋ ቤት የነበረ ከሆነ በሁዳዴ ምን እንዳደረጉት ጠይቁ። 55 ቀን ሙሉ ተነቅሎ፣ ሳይደርቅ፣ በሩ ተዘግቶ የከረመ ፍሪጅ ሲሠራ ከከረመው ይብሳል።

ሁሉም ሽታ አንድ አይደለም፣ መድኃኒቱም አንድ አይደለም። ዓሣና ሥጋ ሲበላሽ የሚወጣው ክርፋት በአብዛኛው አሚን ከሚባሉ ውህዶች ነው። እነሱ ቤዝ ናቸው፣ የአሲድ ተቃራኒ ማለት ነው። አሲድ ሲያገኙ ወደ ጨውነት ይለወጣሉ፣ ጨው ደግሞ ስለማይተን አፍንጫችን አይደርስም። ዓሣ ጥብስ ላይ ሎሚ የምንጨምቀው ለጣዕም ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ጋሼ ያልተሳሳቱትም እዚህ ጋ ነው። የተበላሸ ወተት፣ የቆየ ቅቤና አይብ ግን ሌላ ናቸው። እነሱ የሚሸቱት ቡቲሪክ አሲድና ዘመዶቹ ስላሉባቸው ነው፣ እዚያ ላይ አቼቶ ብታፈሱ በአሲድ ላይ አሲድ መጨመር ነው። ለነሱ ቤኪንግ ሶዳ ነው። የታፈነ የእርጥበት ሽታ ካለ ሻጋታ ፈልጉ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ ደግሞ እጥበቱን ተዉትና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ጥሩ። ሽታው የሚመጣው ከታች ከሞተሩ በኩል ብቻ ከሆነ ባትሪ ይዛችሁ አጎንብሱ፤ ሞተር ይሞቃል፣ በረሮና አይጥም ሙቀት ይወዳሉ፣ እዚያው ገብታ የሞተች አይጥ ልታገኙ ትችላላችሁ።

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ይሄ ሥራ ደግሞ ውሃ ይጨርሳል። የሚመጣበትን ቀን ጠብቄ ጀሪካኖቹን ሁሉ ሞልቼ የፍሪጅ ባለሙያ ጠራሁ። «ለማጠብ ደግሞ ባለሙያ?» ያሉኝ ነበሩ። አዎ፣ ለመፍታት። ፍሪጅ መፍታት የማያውቅ ሰው ያላየውን ቦታ አያጥብም። ልጁ ገና እንደመጣ መደርደሪያ ስፈትግ አይቶኝ ሳቀ።

«እህቴ፣ እሱን ተይው። ሽታው ያለው ውሃው የሚሄድበት ነው።»

ይሄን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ባታነቡት እንኳን ይሄን የልጁን ንግግር ያዙ። ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሪጁ አየሩን ሲያቀዘቅዝ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት አየሩን የሚያቀዘቅዘው የብረት ፍርግርግ ላይ ጤዛ ይሆናል። ያ ውሃ ፍርግርጉ ላይ የተጣበቀውን ቅባትም የምግብ ብናኝም እያጠበ ይንጠባጠባል፣ በቀዳዳ ይወርዳል፣ በቱቦ አድርጎ ሞተሩ አጠገብ የተቀመጠ ትሪ ውስጥ ይገባል፣ እዚያ በሞተሩ ሙቀት ይተናል። ውሃው ይተናል እንጂ ይዞት የመጣው ነገር አይተንም። ለዓመታት እዚያው ይጠራቀማል። ሙቀት አለው፣ እርጥበት አለው፣ ምግብ አለው። ባክቴሪያ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ልጁ ሶኬቱን ነቀለ፣ ከኋላ በታች ያለውን የቆርቆሮ ሽፋን አራት ብሎኖች ፈታ፣ ትሪውን ቀስ ብሎ ሳበው። እንደተነከረ አብሽ የሚያዳልጥ ቡናማ ነገር ነበረበት፣ ጠርዙ ደርቆ የተሰነጣጠቀ፣ መሃሉ ገና እርጥብ፣ በረሮዎች ተጣብቀውበት። ከጎኔ ያለችው ፀጉር ሠሪ ሳሙናዋን እጇ ላይ እንደያዘች «ምን ሞተ?» እያለች መጣች። እውነቴን ነው የምለው፣ ትሪው ወጥቶ ደጅ ሲቀመጥ ብቻ የፍሪጁ ሽታ በግማሽ ቀነሰ። ጋሼ ይሄን ትሪ አይተውት የሚያውቁ አይመስለኝም። ለነገሩ ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ትሪ መኖሩንም አያውቅም።

ቱቦው ቀጠለ። ከፋርማሲ ትልቁን ስሪንጅ ያለ መርፌ ገዝታችሁ፣ ሞቅ ያለ ውሃ ከላርጎ ጋር ቀላቅላችሁ፣ ከላይ ከቀዳዳው ገፋ ገፋ አድርጉት፣ ከታች ባልዲ አስቀምጡ። ንጹህ ውሃ እስኪወጣ ነው። ሽቦ አትክተቱበት፣ ቱቦው ከተቀደደ ውሃው ወደ ግድግዳው ውስጥ ይገባል፣ ያኔ ጉዳችሁ ፈላ። ትልልቆቹ የሱፐርማርኬት ፍሪጆች ትሪ ሳይሆን ወደ ወለል ፍሳሽ የሚሄድ ቱቦ አላቸው። እነሱ ላይ ቱቦው ፍሳሹ ውስጥ ገብቶ ከተቀበረ ያለ ጥፋቱ የምትፈትጉት ፍሪጁን ነው፤ የሚሸተው የመጸዳጃው መስመር ነው፣ በቱቦው ወደ ላይ እየመጣ። ቱቦው ከፍሳሹ አፍ ከፍ ብሎ መንጠባጠብ አለበት።

ከዚያ ፍርግርጉ። የውስጡ የብረት ወለል ሲነሳ ከስሩ ማራገቢያውና ቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎቹ ይታያሉ። ማራገቢያው ላይ ያለው የቅባትና የአቧራ ጥፍጥፍ ሌላ ነው፤ ፍሪጁ በበራ ቁጥር ሽታውን በየመደርደሪያው የሚያከፋፍለው እሱ ነው። ለአበባ ውሃ በሚረጨው ጠርሙስ የሳሙና ውሃ እየረጫችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ በክንፎቹ አቅጣጫ ብቻ ጥረጉ፣ አታጣሙአቸው። ማራገቢያውንና ሽቦዎቹን በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በውሃ አትንኩ። ካቻቢቴና ቢላ ደግሞ ከዚያ አካባቢ ይራቁ። አንድ ቱቦ ከተበሳ ጋዙ ይወጣል፣ የፍሪጁ ምልክት ላይ አር 600ኤ ወይም አር 290 ከተጻፈ ደግሞ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው።

አሁን እጥበቱ። ቅደም ተከተሉን ካበላሻችሁት ልፋቱ ውሃ ይበላዋል። መጀመሪያ ሁልጊዜ ላርጎና ሙቅ ውሃ ነው። ቅባቱ ካልተነሳ ሎሚውም አቼቶውም ከላይ ከላይ ይንሸራተታል እንጂ ከስሩ ያለውን አያገኘውም፤ የጋሼ ምክር ግማሽ የሆነው በዚህ ነው። የፈላ ውሃ ግን መስታወቱ ላይ እንዳታፈሱ፣ ይሰነጠቃል። በደንብ ካለቀለቃችሁት በኋላ ለዓሣና ለሥጋ ሽታ አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ ቀቡት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ተዉት፣ ከዚያ እንደገና በንጹህ ውሃ። አቼቶውን አድሮ ይብላው ብላችሁ አትተዉት፣ መዳብና አሉሚኒየም አሲድ ሲያድርባቸው አይወዱም። ለወተትና ለቅቤ ሽታ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 4 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ በሱ እጠቡ። የኔ ላይ ሁለቱም ሽታ ስለነበረ ሁለቱንም አድርጌያለሁ፣ በየተራ፣ መሃል ላይ እያለቀለቅኩ።

በየተራ ያልኩት ለነገሩ አይደለም። ሶዳና አቼቶ አንድ ላይ አፍስሰው አረፋው ሲንቸረፈፍ «ዋው» የሚሉ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። አረፋው ማለት ሁለቱ እርስ በርስ ተጣፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወጣ ነው፣ የሚቀራችሁ ጨዋማ ውሃ ነው። ለዓይን ያምራል፣ ሥራ ግን አይሠራም።

በረኪና የሚለው ሰው ብዙ ነው። እኛ አገር ያልጸዳ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ በረኪና ነው። ለሻጋታ ቀጠን ተደርጎ ጎማና ፕላስቲክ ላይ ቢደረግ አልቃወምም። ቅባት ግን አያነሳም፣ አሉሚኒየሙን ይበላል፣ አይዝጌ የሚባለውን ብረት ሳይቀር ያዝጋል። ከሁሉም በላይ ግን በረኪናና አቼቶ፣ ወይም በረኪናና ሎሚ፣ በምንም ዓይነት አንድ ቀን አንድ ቦታ አታገናኟቸው። ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ እናንተ ደግሞ ጭንቅላታችሁን ፍሪጅ ውስጥ ከታችሁ ነው ያላችሁት። ከአሞኒያ ጋርም የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ይሄን ቀልዼ አይደለም የምጽፈው።

ቀጥሎ ማንም የማያስታውሰው ቦታ አለ፣ የተንሸራታቹ በር ሃዲድ። መስታወቶቹን ወደ ላይ አንስቼ ሳወጣቸው ከታች ያለው ቦይ ውስጥ የዓሣ ቅርፊት ነበረ። ብዙ። ደርቀው፣ መስታወት መስለው፣ ተደራርበው ከፕላስቲኩ ጋር አንድ ሆነዋል፤ ካልነካኋቸው አይታዩም ነበር። ላርጎ ያለው ሙቅ ውሃ ሞልቼባቸው ለስልሰው በጥርስ ብሩሽና በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ነው የለቀቁት። በሩ ጠርዝ ላይ ያለችውን ፀጉራም ማሸጊያ ግን ለማጠብ አልደከምኩም። እሷ የጠጣችውን ሽታ አትመልስም፣ ቀይሩት። ቋሚ ፍሪጅ ከሆነና የበሩ ጎማ ማግኔት ያለው ከሆነ፣ እጥፋቶቹን እየከፈታችሁ ውስጣቸውን እዩ። ጥቁር ነጠብጣብ ታጥቦ ካልለቀቀ፣ ወይም በሩ ሲዘጋ መሃሉ የገባ ወረቀት በቀላሉ ተስቦ ከወጣ፣ ጎማው ዕድሜው አልቋል።

የዋጋ መለጠፊያዎቹን የፕላስቲክ ቦዮችም አውጧቸው። የመብራቱን ሽፋንም እንዲሁ። ማዕዘኖቹ ላይ ያለው አሮጌ ሲሊኮን ቢጫ ወይም ጥቁር ከሆነ በከተር ተልጦ ይውጣ፣ ቦታው በአልኮል ይወልወልና አዲስ ይሞላ። አዲሱ ሲሊኮን ሲደርቅ ራሱ አቼቶ ሊሸታችሁ ይችላል፣ አትደንግጡ፣ አንዳንዱ ዓይነት እንደዚያ ነው፣ ሲደርቅ ይጠፋል።

ከዚያ ፀሐይ። ክረምት ላይ ካልሆናችሁ በስተቀር ደጅ አውጥታችሁ በሩን ከፍታችሁ ተዉት፣ ሙቀቱ የቀረውን ያስተንናል፣ ነፋሱ ይወስደዋል። ትሪው፣ መደርደሪያው፣ ቦዮቹ ሁሉ ለየብቻ ይሰጡ። እርጥብ ሆኖ መገጣጠም ማለት ሻጋታ መዝራት ነው።

እናቴ በበኩሏ እጣን ይጨስበት አለች። እናቴን እወዳታለሁ፣ ግን አላጨስኩም። ጭሱ ጎማና ፕላስቲክ ውስጥ ይገባል፣ ሽታውን አያጠፋም፣ ሌላ ይጨምርበታል፣ ከዚያ ክሬሙ እጣን እጣን ይላል። ቡናም እንደዚያው ነው፤ የተቆላ ቡና ሽታ ይይዛል ይባላል፣ የራሱንም በደንብ ይሰጣል። ለመጠጥ ፍሪጅ ችግር የለውም፣ ለነጭ ክሬም ግን አልመክርም። ከሰል ይሻላል፣ የራሱ ሽታ ስለሌለው። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሚዘጋጀው አክቲቬትድ ካርቦን ከተገኘ የበለጠ ይይዛል፣ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ። የማድቤቱ ከሰልም ግን በሰፊ ሰሃን ተደርጎ ደረቅ ሆኖ ከተቀመጠ ትንሽ ያግዛል። ያግዛል ነው ያልኩት። ትሪውን ሳያጥቡ ከሰል ማስቀመጥ ራስን መሸወድ ነው።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም የማይለቅ አለ። የፍሪጁ ግድግዳ በሁለት ቆርቆሮ መሃል ፎም ነው። ወለሉ ላይ ስንጥቅ ወይም ክፍት የብሎን ቀዳዳ ካለ፣ የሥጋ ደምና የዓሣ ውሃ ለዓመታት እየሰረገ ፎሙ ውስጥ ይገባል፣ እሱን ደግሞ ምንም አያወጣውም። ምልክቱ ታጥቦ ደርቆ ተዘግቶ ሲሞቅ ሽታው ሁልጊዜ ከአንድ ማዕዘን መምጣቱ ነው። ቆርቆሮው እዚያ ጋ አብጦ ወይም ከስሩ ዝጎ ልታገኙት ትችላላችሁ። እንዲህ ከሆነ ስንጥቁን በሲሊኮን ድፈኑና ፍሪጁን ለውሃና ለለስላሳ አድርጉት። የታሸገ ጠርሙስ ሽታ አይጠጣም። ኬክ ግን አታስገቡበት፣ እልህ አያስፈልግም።

ለቋል ወይስ አለቀቀም የሚለውን በአፍንጫችሁ አትፍረዱ። ቀኑን ሙሉ ስትፈትጉ የዋለ አፍንጫ ደንዝዟል። እኔ ያደረግኩት ይሄን ነው፦ ፍሪጁን አብርቼ፣ ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ በሰሃን ቀብቼ ሳልከድን መሃለኛው መደርደሪያ ላይ አሳደርኩ፣ ከዚያው ቅቤ ሌላ ቁራጭ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ከድኜ አስቀመጥኩ። ጠዋት የቱ የት እንዳደረ ሳልናገር ለፀጉር ሠሪዋ ሁለቱንም በዳቦ አቀመስኳት። የመጀመሪያውን ጊዜ «ይሄኛው ትንሽ ነገር አለው» አለች፣ አንድ ማዕዘን ላይ ያለውን ሲሊኮን ሳልቀይረው ቀርቼ ነበር፣ ገና ስላልመጣልኝ። ከተቀየረ በኋላ ሁለቱንም በልታ «የቱ ነው የቱ?» ስትለኝ ኬኮቹን ደረደርኩ። ቅቤ አይዋሽም፣ እሷም ብትሆን ለይሉኝታ ብላ የምትዋሽ ሴት አይደለችም።

አሁን የቀረው እንዳይመለስ ማድረግ ነው፣ የሚመልሰው ደግሞ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ የቤት ፍሪጅ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል ይባላል፣ ባለ መስታወቱ ግን ከዚያ በፊት ይሞቃል፣ መስታወት እንደ ፎም አይከላከልም። ስለዚህ መብራቱ ጠፍቶ ከቆየ የክሬም ነገሩን ቶሎ አወጣለሁ፣ የፈሰሰ ካለ እወለውላለሁ፣ በሩንም ገርበብ አደርገዋለሁ። ባዶ፣ እርጥብና ሙቅ ፍሪጅ ዘግቶ መሄድ ነው ያንን ትሪ ያመጣው። ለጾምም ይሁን ለሌላ ነቅላችሁ የምትተዉት ከሆነ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ትሪው ወጥቶ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ይቀመጥ። እኔ ትሪውን አሁን በየወሩ አወጣዋለሁ። ሽፋኑንም በሁለት ብሎን ብቻ ነው ያሰርኩት፣ አራቱን መፍታት ስለሚሰለቸኝ።